በመጽሐፍ ቅዱስ ስም የሚጠቀሱ የሼክስፒር ተውኔት ንግግሮች

በጋይንት የምትገኘው ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት መሆኗ የታወቀ ነው። ደቀ መዝሙሩ ድጓን በሌላ ጉባኤ ቤት ቢማርም፣ ቃሉንና ዜማውን በዚያ ሲያስመሰክር ትምህርቱ ይጸናለታል። ከመካነ ኢየሱስ እስከ ስማዳ ባለው አገር ያደገ ምእመን ይህን ሥርዓት ያውቃል። ዛሬ በየስልኩ የሚደርሱን ጥቅሶች ግን ምስክር ሳይጠየቅባቸው «መጽሐፍ እንዲህ ይላል» እየተባሉ ይነገራሉ። ከእነዚህ መካከል ምንጫቸው የእንግሊዛዊው ዊሊያም ሼክስፒር ተውኔት የሆኑ አሉ።

መምታታቱ ምክንያት አለው። ሼክስፒር እ.ኤ.አ. ከ1564 እስከ 1616 የኖረ ሲሆን፣ በንጉሥ ጄምስ ዘመን የተተረጎመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ የታተመው በ1611 ነው። የሁለቱ ቋንቋ የአንድ ዘመን ስለሆነ ለዛሬ ሰሚ ድምፃቸው ይመሳሰላል። በእኛም አገር ከበደ ሚካኤልና ጸጋዬ ገብረ መድኅን ተውኔቶቹን የመለሱባቸው አማርኛ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ የንግግር ግርማ ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም።

ዋናው ምሳሌ በ«ሐምሌት» አንደኛ ገቢር፣ ሦስተኛ ትዕይንት ፖሎኒየስ ለልጁ የሚሰጠው ምክር ነው። አበዳሪም ተበዳሪም እንዳይሆን፣ ከሁሉም በላይ ለራሱ ታማኝ እንዲሆን ይመክረዋል። ምክሩ የአባት ስለሚመስል ከመጽሐፈ ምሳሌ የተወሰደ አድርገው የሚጠቅሱት አሉ። ጌታችን ግን ሊበደር ከሚወድ ፊታችንን እንዳንመልስ (ማቴ. 5፥42)፣ ሊከተለው የሚወድም ራሱን እንዲክድ (ማቴ. 16፥24) አዝዟል። እንግዲህ የቸገረውን ጎረቤቱን በዚህ «ጥቅስ» የሚመልስ ሰው የወንጌልን ትእዛዝ በወንጌል ስም ያፈርሳል። ፖሎኒየስ ራሱም ያን ልጁን የሚሰልል ሰው የሚልክ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሲያደምጥ የሚሞት ሹም ነው፤ ደራሲው ምክሩን በማን አፍ እንዳኖረው ማስተዋል ያሻል።

ተናጋሪውን መለየት ለቅዱሳት መጻሕፍትም ይሠራል። የኢዮብ ወዳጆች ንግግር በመጽሐፉ ቢጻፍም እግዚአብሔር ገሥጿቸዋል (ኢዮ. 42፥7)። ዲያብሎስም ጌታን ሲፈትን ከመዝሙር 90 ጠቅሷል፤ «የቬኒሱ ነጋዴ» በተባለው ተውኔት አንቶኒዮ ሰይጣን መጽሐፍ እንደሚጠቅስ ሲናገር ይህን ታሪክ ያስታውሰናል።

ስሕተቱ በተቃራኒውም ይደርሳል፤ የመጽሐፉ ቃል ለባለቅኔው ይሰጣል። ስለ ድንቢጥ መውደቅ ሐምሌት የሚናገረው ከማቴዎስ 10፥29 የተቀዳ ነው። በ«የቬኒሱ ነጋዴ» አራተኛ ገቢር ፖርሺያ ምሕረትን ከሰማይ በሚወርድ ዝናም ትመስላለች፤ ምሕረትን በድርቅ ጊዜ ከሚመጣ የዝናም ደመና ጋር ያነጻጸረው ግን አስቀድሞ መጽሐፈ ሲራክ ነው። በስድሳ ስድስቱ መጻሕፍት ብቻ የሚፈልግ ሰው ይህን አያገኘውም፤ ቤተ ክርስቲያናችን ግን ሲራክን ከሰማንያ አንዱ ትቆጥረዋለች። ቦታው በብዙ ዕትሞች ምዕራፍ 35 መጨረሻ ላይ ነው። በግሪኩ ቅጂዎች የምዕራፎቹ ተራ ስለተዛወረ ቁጥሩ ከዕትም ዕትም ይለያያልና፣ ፈላጊው በዚያ ካጣው ጥቂት ምዕራፎችን ወደ ኋላ ተመልሶ ይመልከት።