ታንክ በታንክ ውስጥ፡ የደህንነት ኮዱ ምን ይላል?

በትልልቅ ሆስፒታሎች የቀዶ ሕክምና መሣሪያዎችን ከጀርም የሚያጸዳው አውቶክሌቭ ላዩን ሲያዩት አንድ የብረት ሣጥን ይመስላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሁለት ነው። የውስጠኛው ክፍል መሣሪያዎቹን ይይዛል፤ ዙሪያውን ያቀፈው ጃኬት ደግሞ በእንፋሎት ተሞልቶ ግድግዳውን ያሞቃል። በ134 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚሠራ ከሆነ የጃኬቱ ግፊት ከከባቢ አየር በላይ 2 ባር ገደማ ይሆናል። እንፋሎቱ ወደ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ግን ፓምፕ የውስጡን አየር መጥጦ ያወጣል። በዚያን ሰዓት ግድግዳውን ከውስጥ የሚደግፈው የለም፤ የሚሸከመውም ጫና ወደ 3 ባር ይጠጋል።

ከውስጥ የሚገፋ ግፊት ብረትን ይወጥራል፤ ከውጭ የሚገፋው ግን ያጨማድዳል። ከውስጥ ብዙ ባር የሚችል ቀጭን ሲሊንደር ከውጭ በጥቂቱ ሊደረመስ ይችላል፤ ብረቱ ሳይደክም ቅርጹ ይከዳዋልና። ስለዚህ ለውጭ ግፊት የሚደረገው ስሌት ከውፍረቱ ሌላ የሲሊንደሩን ርዝመትና ዲያሜትር፣ ክብነቱንም ጭምር ይመለከታል።

ደንቡ የተጻፈው በሰው ሕይወት ነው። እ.ኤ.አ. ማርች 20 ቀን 1905 በማሳቹሴትስ ግዛት፣ ብሮክተን ከተማ፣ በግሮቨር ጫማ ፋብሪካ የፈነዳ ቦይለር 58 ሰዎች ገደለ። ግዛቱ በ1907 የቦይለር ሕግ አወጣ። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር (አስሜ) የመጀመሪያውን ኮድ በ1914 አዘጋጀ፤ እሳት የማይነድባቸውን የግፊት ታንኮች የሚመለከተው ክፍል 8 በ1925 ተከተለ። ኮዱ በራሱ ሕግ አይደለም፤ የማኅበር ሰነድ ነው። ሕግ የሚሆነው ግዛቶቹ በሕጋቸው ሲቀበሉት ነው።

ይኸው ክፍል 8 ከአንድ በላይ የግፊት ክፍል ያለውን ዕቃ ጥምር ታንክ አድርጎ ያየዋል። ክፍሎቹን የሚለየው የጋራ ግድግዳ በሥራ ላይ በአንድ ጊዜ ሊገጥመው የሚችለውን የከፋ ግፊትና ሙቀት እንዲችል ሆኖ ይነደፋል። መርሁ ይህ ነው።

ለሕግ ባለሙያ ዓይን የሚገባው ግን ልዩ ሁኔታው ነው። ኮዱ የጋራው ግድግዳ በሁለቱ ግፊቶች ልዩነት ብቻ ተሰልቶ እንዲሠራ ይፈቅዳል። ለምሳሌ ከውስጥ 8፣ ከውጭ 10 ባር ካለ፣ ግድግዳው ከ2 ባር ብዙም በማይበልጥ ጫና ሊሰላ ይችላል። ብረት ይቆጥባል፤ ዋጋም ይቀንሳል። ነገር ግን ስሌቱ የቆመው ውስጡ ባዶ ሆኖ ጃኬቱ አይሞላም በሚል ግምት ላይ ነው። ማሽን ሲነሳና ሲቆም፣ ሲጠገንም ግምቱ በቀላሉ ይፈርሳል። ስለዚህ ገደቡ በዕቃው የብረት ሰሌዳና በአምራቹ ሰነድ ላይ መጻፍ አለበት፤ አሠራሩም ልዩነቱ ከተጻፈው እንዳያልፍ መቆጣጠር ይኖርበታል። በእኔ አስተያየት ይህ ጽሑፍ ከውል አንቀጽ አይተናነስም፤ ገዢው ሳያነበው ግዴታ ገብቷል።

ሴፍቲ ቫልቭም ቢሆን የአንዱ ክፍል ሌላውን አያድንም። የጃኬቱ ቫልቭ የሚያውቀው የጃኬቱን ግፊት ብቻ ነው፤ ውስጡ ቫኪዩም መሆኑን አያይም።

ሙከራው በውሃ ይደረጋል። መነሻው ከሚፈቀደው ከፍተኛ የሥራ ግፊት 1.3 እጥፍ ነው። ክፍሎቹ ራሳቸውን ችለው እንዲሠሩ ከተነደፉ እያንዳንዱ የሚፈተነው ጎረቤቱ ያለ ግፊት ሆኖ ነው። በልዩነት የተነደፈው ደግሞ በልዩነቱ ልክ ይፈተናል። ያገለገለ ማሽን የሚገዛ ሰው ሻጩ የሙከራ ወረቀት ሲያቀርብለት ከተጻፈው ቁጥር በፊት ሊጠይቅ የሚገባው፣ ያን ዕለት ሌላኛው ክፍል ስንት ባር ነበረው ብሎ ነው።