ቾፒኖ፦ የአንድ የዓሣ ወጥ ስምና የወደቡ ታሪክ

ርእሱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ ወዲህ «የታሪክ መምህር ስለ ወጥ ምን ይላል?» የሚል ጥያቄ ደጋግሞ ቀርቦልኛል። መልሴ አጭር ነው፤ ወጥ እንደ ማንኛውም ሰነድ ይነበባል፤ እንደ ማንኛውም ሰነድም አንባቢውን ሊያሳስት ይችላል። ዛሬ የማቀርበው ስለ አንድ ወጥ ስም የሚነገር ተረትና ተረቱ የሸፈነውን ታሪክ ነው። ካላመለከትሁ በቀር ዓመታቱን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን በቅድሚያ ላሳስብ።

ወጡ ቾፒኖ ይባላል። በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ ከጣሊያን የመጡ ዓሣ አጥማጆች ያስለመዱት፣ በቲማቲምና በወይን ጠጅ የሚሠራ፣ ሸርጣን፣ ሽሪምፕ፣ ዛጎል ለበስ የባሕር ፍጥረታትና ዓሣ በአንድ ድስት የሚገቡበት ምግብ ነው። ስለ ስሙ አመጣጥ ለጎብኚ የሚነገረው ተረት እንዲህ ይላል፦ ጀልባዎቹ ከባሕር ሲመለሱ፣ በዕለቱ ያልቀናው አጥማጅ ባዶ ድስት ይዞ በወደቡ ይዞራል። «ቺፕ ኢን!» እያለ ይጣራል፤ በእንግሊዝኛ «የድርሻችሁን አዋጡ» ማለት ነው። እያንዳንዱም ካጠመደው ጥቂት ጣል ያደርግለታል። ጣሊያኖቹ በቃሉ መጨረሻ «ኦ» ስለጨመሩበት ቾፒኖ ሆነ ይባላል።

ያማረ ተረት ነው፤ ለጆሮም ይጥማል። ነገር ግን የቃሉ ሥር እንግሊዝኛ አይደለም። በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በጄኖቫ ግራና ቀኝ በተዘረጋው የሊጉሪያ ጠረፍ፣ በአካባቢው አነጋገር «ቹፒን» የሚባል የዓሣ ሾርባ አለ። ስሙ ከዚያ ከነባለቤቶቹ ተሳፍሮ መጣ። ቃል ከአገር አገር ሲሻገር ምን እንደሚደርስበት ለዚህ ጉባኤ ማስረዳት አያሻኝም። እኛ ራሳችን ስልስ፣ ፉርኖና ፐርሰሜሎ የምንል ሰዎች ነን። ካዛንቺስ የምንለውም ሰፈር ስሙን ያገኘው ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ከሚሠራው ተቋም ምሕጻረ ቃል መሆኑ የታወቀ ነው። አንድ ሰው ተነሥቶ ለካዛንቺስ የአማርኛ ምንጭ ቢፈጥርለትና ሁላችንም ብንቀበለው፣ የምናጣው የቃሉን ሥር ብቻ አይሆንም፤ እነዚያን ቤቶች ማን ለማን እንደሠራቸውም አብረን እንረሳለን። የቾፒኖም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም።

አሁን ወደ ማእድ ቤት ልግባ፤ የመጀመሪያው ማስረጃ ያለው እዚያ ነውና። እኔ በቤቴ ይህን ወጥ ስሠራ የምጀምረው በቁሌት ነው። (ወንድ መምህር ስለ ቁሌት ሲናገር መስማት ያልለመዳችሁ ካላችሁ ታገሡኝ።) ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና የእንስላል ወፍራሙ ክፍል ደቅቀው በወይራ ዘይት፣ በለዘብታ እሳት ይበስላሉ። ጣሊያኖች ሶፍሪቶ ይሉታል። ከእኛ ቁሌት የሚለየው ሽንኩርቱ ከመጀመሪያው አንሥቶ በዘይት መብሰሉና እንዲጠቁር አለመፈቀዱ ነው። ቀጥሎ የወይን ጠጅ ይጨመርና እስኪመጥ ይጠበቃል። ከዚያ ቲማቲም፣ ከዚያም ከዓሣ ራስና አጥንት የወጣ መረቅ ይገባል። ይህ ግማሽ ሰዓት ያህል ከተንተከተከ በኋላ ነው የባሕሩ ነገር ተራ የሚደርሰው፤ ቅደም ተከተሉም እንደ ጥንካሬው ነው። መጀመሪያ ከነቅርፊቱ የተሰባበረው ሸርጣን፣ ቀጥሎ ዛጎል ለበሶቹ ይገባሉ። ዛጎላቸው መከፈት ሲጀምር ጠንከር ያለ ነጭ ዓሣ በትላልቁ ተቆርጦ ይጨመራል፤ ሽሪምፑ የመጨረሻው ነው። ሳይከፈት የቀረ ዛጎል ይጣላል። ዓሣው ከገባ ወዲህ ድስቱን ማማሰል አይገባም፤ ይፈርሳል። ከላይ ፐርሰሜሎ ተነስንሶበት ከዳቦ ጋር ይቀርባል። የባሕር ሸርጣን በእኛ ከተማ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ ከዝዋይ በመጣ ቆሮሶ ብቻ የሠራሁበት ጊዜ አለ። መልካም ወጥ ነው፤ ቾፒኖ ግን አልለውም። ቹፒን ነው ለማለት ግን እደፍራለሁ፤ ለምን እንደሆነ ላስረዳ።

በዚህ ድስት ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ነገር የራሱ የጉዞ ዘመን አለው። ቲማቲም በትውልዱ የአሜሪካ ተክል ነው፤ ወደ ሜዲትራኒያን አገሮች የገባው በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። መንገዱን የከፈተው ኮሎምበስ ደግሞ የጄኖቫ ልጅ ነበረ። ስለዚህ ቲማቲሙ ከአሜሪካ ወጥቶ በጣሊያን ማእድ ቤት ከተላመደ በኋላ፣ ወጥ ሆኖ ወደ አሜሪካ የተመለሰው እንደገና በጄኖቫውያን እጅ ነው። ሸርጣኑ ግን ከየትም አልመጣም። ደንጅነስ የተባለው፣ ስሙን በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ካለ የጠረፍ ስፍራ ያገኘው ሸርጣን በሜዲትራኒያን ባሕር የለም፤ የሚኖረው በሰሜን አሜሪካ የሰላማዊ ውቅያኖስ ጠረፍ ነው። የሊጉሪያው ቹፒን ገዢ ያጡ ትንንሽና አጥንታም ዓሦች ተቀቅለው፣ በወንፊት ተጨምቀው፣ በዳቦ ላይ የሚፈሱበት የችግረኛ ሾርባ ነው። ወንፊቱ የሚያስፈልገው ከአጥንት መካከል ጥቂቷን ሥጋ ለማትረፍ ነው። በሳን ፍራንሲስኮ ወንፊቱ ቀረ። በሥጋ የተሞላ ትልቅ ሸርጣን ከነቅርፊቱ ድስት በሚገባበት ወደብ ማን ወንፊት ያነሣል? ስለ ስደት ብዙ መጻሕፍት አንብቤአለሁ፤ ከድህነት ወደ ጥጋብ የተደረገ ሽግግርን እንደዚህ የወንፊት መቅረት ያህል በግልጽ ያሳየኝ ግን ጥቂት ነው።

ሰዎቹ እንዴት እንደመጡ ባጭሩ ልግለጽ። በ1848 በካሊፎርኒያ ወርቅ ሲገኝ ከመላው ዓለም ከጎረፈው ሕዝብ መካከል ከጄኖቫና ከአካባቢዋ የተነሡ ሰዎች ነበሩበት። ወርቁ ያልቀናቸው ወደሚያውቁት ሥራ ተመለሱ፤ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ጀልባ፣ ፌሉካ የሚሉትን፣ እንደ አገራቸው ሠርተው በሳን ፍራንሲስኮ ወሽመጥ ማጥመድ ጀመሩ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ማብቂያ ግን በወደቡ ላይ ሲሲሊያውያን እየበዙ፣ ጄኖቫውያንም ወደ ሌላ ንግድ እየዞሩ ሄዱ። እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ ጣሊያን አንድ መንግሥት የሆነችው በ1861 ነው። የሲሲሊ አጥማጅና የጄኖቫ አጥማጅ እያንዳንዳቸው በየቀያቸው አነጋገር ሲናገሩ በቀላሉ አይግባቡም ነበር። ሆኖም ሲሲሊያውያኑ ጀልባውን ብቻ ሳይሆን ድስቱንም፣ የድስቱንም ስም ከጄኖቫውያን ወረሱ። ለአሜሪካዊው ጎረቤታቸው ሁሉም «ጣሊያን» ነበሩ፤ እነርሱም ውለው አድረው ጣሊያን ሆኑ። በእኔ አስተያየት ቾፒኖ ከጣሊያን የመጣ ምግብ ከመሆኑ ይልቅ፣ ጣሊያናዊነት ራሱ በስደት ሲሠራ አብሮ የበሰለ ነው።

ከወደቡ ወደ ከተማው ሰው ገበታ መሻገሩን የሚያሳዩ ሁለት የጽሑፍ ማስረጃዎች አሉ። በ1901 «ሳን ፍራንሲስኮ ኮል» የተባለው ጋዜጣ አሠራሩን አትሟል፤ ስሙን ግን «ቼስፒኒ» ብሎ ነው የጻፈው። ይህ የአጻጻፍ መናወጥ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው። ጸሐፊው ቃሉን የሰማው ከማያውቀው ቋንቋ መሆኑን ያሳብቃልና፤ «ቺፕ ኢን» ብሎ የሰማ እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ቼስፒኒ» ብሎ አይጽፍም። ሁለተኛው የ1906 ነው። በዚያ ዓመት ሚያዝያ 18 ቀን የደረሰው የመሬት መንቀጥቀጥና ተከትሎ የተነሣው እሳት ከከተማይቱ 400,000 ያህል ነዋሪዎች ከግማሽ በላዩን ቤት አልባ አደረገ። ለተፈናቃዮቹ መርጃ እንዲሆን በታተመ አንድ የምግብ አሠራር መጽሐፍ ውስጥ ቾፒኖ ዛሬ በምናውቀው ስሙ ሰፈረ።

ወደ ተረቱ ልመለስ። «ሁሉም አዋጣ» የሚለው ታሪክ ሁሉም እነማን እንደነበሩ አይነግረንም። በዚያው ወሽመጥ ቻይናውያን ሽሪምፕ ያጠምዱ ነበር። በ1880 የካሊፎርኒያ ሕግ አውጪ መራጭ ለመሆን የማይችሉ የውጭ ሰዎች የማጥመድ ፈቃድ እንዳያገኙ ከለከለ፤ ዒላማው እነርሱ ነበሩ። የፌዴራል ፍርድ ቤት ሕጉን በዚያው ዓመት ቢሽረውም፣ ቻይናውያኑ የሚጠቀሙበት የከረጢት መረብ በ1911 ታገደ። ባዶ ድስት ይዞ የሚዞረው የተረቱ አጥማጅ በእነርሱ ጀልባ በኩል አያልፍም።

ሌላም መዋጮ አለ፤ እኛን በቀጥታ የሚመለከት። በ1928 ዓ.ም. የሙሶሊኒ ጦር አገራችንን ሲወር፣ በአሜሪካ ከሚኖሩ ጣሊያኖች መካከል ብዙዎች የወርቅ የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ለጦርነቱ መርጃ ሰጥተዋል። ይህን የምናገረው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ከእነዚያው ሰዎች መካከል ፋሺዝምን አምርረው የተቃወሙም ነበሩ። ነገር ግን ስለ መዋጮ የሚያወራ ተረት ስለዚህኛው መዋጮ ዝም ሲል፣ ኢትዮጵያዊ የታሪክ ሰው አብሮት ዝም ሊል አይገባም።

ታሪኩ ደግሞ በዚህ አያበቃም። አሜሪካ ከጣሊያን ጋር ጦርነት ከገባች በኋላ፣ ዜግነት ያልወሰዱ 600,000 ያህል ጣሊያኖች «የጠላት አገር ዜጎች» ተብለው ተመዘገቡ። በ1942 መጀመሪያ በካሊፎርኒያ ጠረፍ የተከለከሉ ቀጠናዎች ተወሰኑ፤ 10,000 ያህል ሰዎች ቤታቸውን ለቀው እንዲወጡ ተገደዱ፤ ዜግነት የሌላቸው አጥማጆችም ከወደቡ ታገዱ። ከታገዱት አንዱ ጁሴፔ ዲማጆ ነበረ፤ ለዓመታት በዚያ ባሕር ያጠመደ ሲሲሊያዊ፣ በ1941 በ56 ተከታታይ ጨዋታዎች ኳስ መትቶ አሜሪካን ያስደነቀው የቤዝቦል ተጫዋች የጆ ዲማጆ አባት። ሕጉ የመዘነው የሰውን ወረቀት እንጂ ሥራውን አልነበረም። ቀለበቱን ለሙሶሊኒ የሰጠ ሰው ዜግነት ወስዶ ከነበረ በወደቡ እንደ ልቡ ይመላለሳል፤ ማንበብና መጻፍ ባለመቻሉ የዜግነት ፈተና ያልተቀመጠ ሽማግሌ ግን ጀልባውን ከሩቅ ያያል። በዚያው ጊዜ አብዛኞቹ ዜጎች የነበሩ 120,000 ያህል ጃፓናውያን በጅምላ ወደ ማጎሪያ መወሰዳቸውን ሳንዘነጋ፣ የጣሊያኖቹ መከራ ከዚያ ጋር የሚተካከል አለመሆኑን መናገር ተገቢ ነው። በጣሊያኖች ላይ የተጣለው ገደብ የተነሣው ጥቅምት 12 ቀን 1942፣ የኮሎምበስ በዓል በሚከበርበት ዕለት በተሰጠ መግለጫ ነበረ። ጄኖቫዊው እንደገና ተጠራ ማለት ነው።

በእነዚያ ወራት በአሜሪካ የጠላትን ቋንቋ እንዳትናገሩ የሚያስጠነቅቅ ማስታወቂያ ይለጠፍ ነበር። አንድ የሊጉሪያ ቃል የእንግሊዝኛ ልደት የተሰጠው በዚህ ምክንያት ነው ብዬ አልከራከርም። የምለው ይህን ነው፤ አባቱ በቋንቋው የተጠረጠረበት ትውልድ በወደቡ ዳር ምግብ ቤት ከፍቶ ለእንግሊዝኛ ተናጋሪ ጎብኚ ወጥ ሲያቀርብ፣ ስለ ወጡ የሚነገረው ታሪክ እንግሊዝኛ ቢናገር ለሁሉም ወገን ይመቻል። ጎብኚው የሚያውቀውን ቃል ያገኛል፤ አስተናጋጁም ስለ 1942 አይጠየቅም።

የአሜሪካ ኮንግረስ በጣሊያኖቹ ላይ የተፈጸመውን በደል በሕግ አምኖ የተቀበለው በ2000 ነው። ጁሴፔ ዲማጆ በዚያን ጊዜ ከሞተ ግማሽ መቶ ዓመት አልፎታል። በወደቡ ላይ በቾፒኖ ከታወቁት ቤቶች አንዱ የሆነው አሊዮቶ፣ በ1925 በአንድ ሲሲሊያዊ የዓሣ መሸጫ ተጀምሮ፣ እርሱ ሲሞት ባለቤቱ ሮዝ ምግብ ቤት አድርጋ ያስፋፋችው፣ በ2022 ተዘግቷል። ወጡ ግን በሌሎች ቤቶች ዛሬም ይሸጣል፤ ሸርጣኑም ከነቅርፊቱ ስለሚቀርብ ለተመጋቢው መሐረብ በአንገቱ ይታሰርለታል።

ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ፤ ስለ እንስላሉ መጠን የምትጠይቁ ግን ከስብሰባው በኋላ ብናወራ ይሻላል።