ማወቅና ማድረግ፦ የኦኩፔሽናል ቴራፒ ተማሪዎች ክሊኒካዊ ብቃት ምዘና ታሪካዊ ጉዞ

በሕክምና ትምህርት ቤት ሳለሁ ከመጨረሻዎቹ ፈተናዎች እጅግ የሚያስፈራን ሎንግ ኬዝ ነበር። ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ሕመምተኛ በዕጣ ይደርሰዋል፤ ታሪኩን ጠይቆና አካሉን መርምሮ ለፈታኞች ያቀርባል። ለእኔ የደረሱኝ እናት ሕመማቸውን ከመነሻው አጥርተው የሚናገሩ ነበሩ። ለጓደኛዬ የደረሱት አዛውንት ጆሯቸው ከብዷል፤ አስታማሚም አልነበራቸውም። እኔ አለፍሁ፤ እርሱ ወደቀ። በዎርድ ሥራ ግን ከእኔ የተሻለ እንደነበረ ሁለታችንም እናውቃለን። የተመዘነው ብቃታችን ነበር ወይስ ዕጣችን?

ይህ ጥያቄ የጤና ሙያዎችን ሁሉ ለረጅም ዘመን ሲያከራክር ቆይቷል። በዚህ ጽሑፍ በአገራችን ገና ወጣት በሆነው በኦኩፔሽናል ቴራፒ በኩል እንመለከተዋለን። የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኦኩፔሽናል ቴራፒ ሰው በሕመም ወይም በጉዳት ያጣውን የዕለት ተዕለት ተግባር፣ ማለትም መልበስን፣ መመገብን፣ ሠርቶ ማደርን፣ መልሶ እንዲያከናውን የሚረዳ ሙያ ነው። የመጀመሪያው የአሜሪካ ማኅበር በ1917 በኒውዮርክ ግዛት በክሊፍተን ስፕሪንግስ ተመሠረተ። ከመሥራቾቹ መካከል ራሱ ሕመምተኛ የነበረው የሥነ ሕንፃ ባለሙያ ጆርጅ ባርተን፣ የአእምሮ ሐኪሙ ዊሊያም ረሽ ደንተንና ኤሊነር ክላርክ ስሌግል ይገኙበታል። ማኅበሩ በ1923 ዝቅተኛ የሥልጠና መመዘኛ ሲያወጣ ተማሪው በክፍል ከሚማረው በተጨማሪ በሆስፒታል በክትትል ሥር እንዲለማመድ ደነገገ። በ1952 የተቋቋመው የዓለም ኦኩፔሽናል ቴራፒስቶች ፌዴሬሽንም ከጊዜ በኋላ ቢያንስ 1,000 ሰዓት የተግባር ልምምድን የሙያው መለኪያ አድርጎታል።

ሰዓት መቁጠር ግን ብቃትን መመዘን አይደለም። በልምምዱ መጨረሻ የተማሪው ዕጣ በአንድ ተቆጣጣሪ ብዕር ላይ ይወድቃል። አንዱ ተቆጣጣሪ ቸር፣ ሌላው ጥብቅ ሊሆን ይችላል፤ ጠባይና ብቃትም ይቀላቀላሉ።

ሐኪሞችም ከዚሁ ችግር አላመለጡም። የአሜሪካ ብሔራዊ የሕክምና ፈታኞች ቦርድ በ1916 ፈተናውን ሲጀምር በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ የሚሰጥ ክፍል ነበረው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ግን ይህን ክፍል ሰረዘው፤ አንዱን ተፈታኝ የመዘኑ ሁለት ፈታኞች እምብዛም እንደማይስማሙ ተረጋግጦ ነበርና። በዚያው ዘመን ሐዋርድ ባሮውስ በሎስ አንጀለስ ጤነኛ ሰው የሕመምተኛን ታሪክና ምልክት አጥንቶ እንዲያሳይ ማሠልጠን ጀመረ። በዚህ መንገድ ተማሪዎች ሁሉ አንድ ዓይነት ሕመምተኛ ሊገጥማቸው ቻለ።

ወሳኙ እርምጃ የተወሰደው በስኮትላንድ ነው። በ1975 ሮናልድ ሃርደንና የደንዲ ባልደረቦቹ ዛሬ ኦስኪ ብለን የምንጠራውን ፈተና አስተዋወቁ። ተማሪዎች በተከታታይ ጣቢያዎች በየተራ ይዞራሉ፤ በእያንዳንዱ ጣቢያ አጭርና የተወሰነ ተግባር ያከናውናሉ፤ ፈታኙም አስቀድሞ በተዘጋጀ ዝርዝር ላይ ምልክት ያደርጋል። ሁሉም በአንድ ዓይነት ጥያቄ፣ በብዙ ፈታኞች ይመዘናሉ። ዘዴው ወደ ነርሲንግ፣ ወደ ፊዚዮቴራፒና ወደ ኦኩፔሽናል ቴራፒም ተሻገረ። ጓደኛዬ በዚህ መንገድ ተፈትኖ ቢሆን ኖሮ አንድ ጣቢያ ቢከብደው በሌላው ይክሰው ነበር።

ፍትሕ ሲገኝ ግን ሌላ ነገር ጎደለ። ጆርጅ ሚለር በ1990 የብቃትን ደረጃ በፒራሚድ አሳይቷል፦ ከታች ማወቅ፣ ቀጥሎ እንዴት እንደሚደረግ ማወቅ፣ ከዚያ አድርጎ ማሳየት፣ ከጫፉ ላይ በእውነተኛ ሥራ ማድረግ። ኦስኪ ሦስተኛውን ደረጃ እንጂ አራተኛውን አይደርስበትም። በ1991 የታተመ የኔዘርላንድስ ጥናትም ሐኪሞች በፈተና ላይ የሚያሳዩት በየክሊኒካቸው ከሚሠሩት ጋር እንደሚለያይ አመልክቷል።

ይህ ክፍተት በኦኩፔሽናል ቴራፒ ይብሳል። ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝላቸውን እናት እናስብ። ተማሪው በፈተና ጣቢያ ልብስ ሲያለብስ የተጎዳውን እጅ አስቀድሞ በእጅጌው ካስገባ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። እኚያ እናት በቤታቸው የሚፈልጉት ግን በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ከሰሉን አያይዘው፣ ጀበናውን በአንድ እጅ ቀድተው ጎረቤት መጥራት ሊሆን ይችላል። ይህን ያልጠየቀ ተማሪ ዝርዝሩን ቢያሟላም ሙያውን አላሟላም። ሙያው ራሱ ሰውን የሚመዝነው በኑሮው ውስጥ ሲሠራ አይቶ ነው፤ ተማሪውም በዚያው መንገድ ሊመዘን ይገባዋል።

ይህ ለአገራችን እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በ1954 የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን በአካባቢው ጤና ጣቢያዎች አሰማርቶ በኅብረተሰቡ መካከል ያሠለጥን ነበር። በካናዳው ኲንስ ዩኒቨርሲቲ ትብብር የኦኩፔሽናል ቴራፒ ትምህርት የተጀመረውም በዚያው በጎንደር ነው።

ስለዚህ ምርጫው ከኦስኪና ከልምምድ ምዘና አንዱን መጣል አይደለም። ኦስኪ ለፍትሕ ይቆይ። የመስክ ምዘናውም በአንድ ሰው፣ በአንድ ቀን አይወሰን፤ ምዘና የተማሩ ብዙ ተቆጣጣሪዎች፣ በብዙ ቀናትና ሕመምተኞች ላይ ያዩትን ይመዝግቡ። ታካሚውና ቤተሰቡም ይጠየቁ። ጓደኛዬ በዓመቱ ደግሞ ተፈትኖ አለፈ፤ ዛሬ የተዋጣለት ሐኪም ነው። ያን ዓመት ያጣው እርሱ ብቻ አልነበረም፤ ሊያክማቸው ይችል የነበሩት ሕሙማንም አጥተውታል።