ፍጥነትና ድሎት በሊማሊሞ መንገድ

በአገራችን መንገደኛ ከጥንት ጀምሮ ሁለት ነገር ይሻ ነበር፤ አንደኛው ፈጥኖ መድረስ፣ ሁለተኛው ሳይደክሙ መድረስ ነው። እነዚህን ሁለቱን በአንድ እንስሳ ማግኘት ስላልተቻለ ፈረስ ለጦርና ለጉግስ፣ በቅሎ ለረጅም መንገድ ተመደቡ። መኰንን ሲዘምት በሰጋር በቅሎ ተቀምጦ ይጓዛል፤ ፈረሱ ግን ለጦርነቱ ሰዓት እንዳይደክም ባዶውን እየተሳበ ይሄዳል። የበቅሎዋ ክብር በሩጫዋ ሳይሆን ወገብ በማይነቀንቅ አረማመዷና ገደል ዳር በማይስት እግርዋ ነበር።

የፈረንጅ ብልሃተኞች ግን ሁለቱን ጠባዮች በአንድ መኪና ለማዋሐድ ደከሙ። የእንግሊዙ የቤንትሊ ፋብሪካ በ1996 ዓ.ም. ለገበያ ያወጣው «ኮንቲኔንታል ጂቲ» የተባለው ኦቶሞቢል ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ዐሥራ ሁለት ሲሊንደር ያለው ሞተሩ ወደ 550 የሚጠጋ የፈረስ ጉልበት አለው፤ በሰዓትም 318 ኪሎ ሜትር ያህል ይሮጣል። ውስጡ በቆዳና በእንጨት የተዋበ ነው፤ በብረት ሞላ ፈንታ አየር የተነፋበት ሞላ ስለ ተሠራለት የመንገዱን ንቅናቄ ያበርዳል። ፈረስም በቅሎም ነው ቢሉት ሐሰት አይሆንም።

ነገር ግን ኦቶሞቢል ያለ መንገድ ምን እንደ ሆነ ኢትዮጵያ ቀድማ አይታለች። በ1900 ዓ.ም. ቢድ ቤንትሊ የሚባል እንግሊዛዊ «ሲድሊ» የተባለውን ኦቶሞቢል ከጂቡቲ ተነሥቶ እስከ አዲስ አበባ አደረሰ፤ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ምኒልክም ተቀመጡበት። የዚህ ሰው ስም ከኋላ ከተነሣው ፋብሪካ ስም ጋራ ቢመሳሰልም ፋብሪካውን በ1911 ዓ.ም. ያቆመው ሌላ ሰው ነው። በዚያ ጕዞ የከበደው ነገር ሞተሩ ሳይሆን የተደላደለ መንገድ መታጣቱ ነበር።

የዚህ ነገር ትልቁ ፈተና በሰሜን ተራሮች ግርጌ ይገኛል። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል እስከ ደባርቅ ያለው መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ በደጋ ላይ የተዘረጋ ነው። ከደባርቅ አልፎ ግን ምድሩ በድንገት ይከፈታል፤ ሊማሊሞም እየተጠማዘዘ እስከ ዛሪማ ድረስ ወደ 1,500 ሜትር ያህል ይወርዳል። ከምጽዋ ወደ ጎንደር የሚመጣው የጥንት ነጋዴ በዚህ ዐቀበት ይወጣ ነበር፤ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስም በ1762 ዓ.ም. በዚሁ አልፎ ጎንደር ገብቷል። የኢጣልያ ጦር አገሪቱን በያዘ ጊዜ ጎንደርን ከአስመራ ለማገናኘት ገደሉን ፈልፍሎ የኦቶሞቢል መንገድ አወጣበት። መንገዱ የወጣው ለጦር ነበርና በጦር ተዘጋ፤ በወልቀፊት የመሸገው የጠላት ጦር በአርበኞችና በእንግሊዝ ሠራዊት ተከቦ በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ በኅዳርም ጎንደር ነጻ ወጣች።

በዚህ ቁልቁለት የ318 ኪሎ ሜትሩ ፍጥነት ምንም አይረባም። በደጋው አየሩ ስስ ነውና አየር መጭመቂያ የሌለው ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ ዐሥረኛውን ያህል ያጣል፤ ስለዚህ ደባርቅ ሲደርስ ከሩብ የሚበልጠው ኃይሉ ጎድሏል። ጂቲው አየር መጭመቂያ ስላለው ከዚህ ጉድለት ቢድንም፣ ሲወርድ የሚያድነው ጉልበቱ ሳይሆን ከባድ ማርሽና ያልጋለ ፍሬን ነው። ድሎቱም ከሞላው ይልቅ በመንገዱ ስፋትና ልስላሴ ይለካል።

ደግሞም የቀድሞው ድሎት የአንድ ሰው ብቻ ነበር። ጌታው በሰጋር በቅሎ ሲያርፍ አሽከሩ በእግሩ ይሮጥ ነበር። መንገድ ግን አይመርጥም፤ ለጠላት ጦር የተፈለፈለው ገደል ኋላ ገበሬውንና ነጋዴውን በአውቶቡስ፣ ወደ ዋልድባ የሚወርደውንም ተሳላሚ አሳለፈ።

በቅሎን «አባትሽ ማን ነው?» ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» አለች ይባላል። ባለጠጋው ኦቶሞቢልም እንደዚሁ በፈረስ ጉልበቱ ይኰራል፤ እንደ አህያ ዝም ብሎ የተሸከመውን መንገድ ግን ስሙን አያነሣም። የአገርን እርምጃ ለመመዘን የሚሻ ሰው ከመኪናው ጌጥ በፊት ይህን ዝምተኛ አባት ይጠይቅ።