የእርሻ ወራትና የበሬ ታሪክ

በሸዋ፣ በጎጃምና በወሎ ደጋና ወይና ደጋ የአንድ ቤተሰብ እርሻ ከጥንት ጀምሮ ሰብልንና ከብትን አጣምሮ የያዘ ነው። የበልግ ዝናብ ሲጥል መሬቱ ይገመሳል፤ ከዚያም ይደገማል፣ ይሠለሳል። የጤፍ ማሳ አራትና አምስት ጊዜም ሊታረስ ይችላል። ገብስ በሰኔ፣ ጤፍ በሐምሌ ይዘራል፤ በመረሬ መሬት ላይ ሽምብራና ጓያ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይገባል። ነሐሴና መስከረም የአረም ወራት ናቸው፤ ሴቶችና ልጆች ጭምር ማሳ ውስጥ ይውላሉ። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ፣ ጥር ውቂያ ነው። በአውድማው ላይ እህሉን የሚያበራዩትም እነዚያው ያረሱት በሬዎች ሲሆኑ ጭዱ ተከምሮ የበጋ ቀለባቸው ይሆናል። ችግሩ የሚመጣው በሚያዝያና በግንቦት ነው። የጭዱ ክምር አልቆ፣ ሣሩም ገና ሳይበቅል፣ በሬው ከሁሉ የከበደውን ሥራ የሚጀምረው በዚያን ጊዜ ነው።

በሬ ሲጠፋ ይህ ሁሉ ዑደት እንዴት እንደሚቆም ሀገራችን ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በደረሰው ክፉ ቀን አይታለች። ጣሊያኖች በምፅዋ ወደብ ካስገቧቸው ከብቶች የተነሣው የደስታ በሽታ (ለእንዲህ ያለ መቅሠፍት ይህ ስም መሰጠቱ ያስገርማል) በጥቂት ጊዜ ውስጥ ወደ መሐል ሀገር ተዛመተ። ከአሥር ከብት ዘጠኙ እንዳለቀ ብዙ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ድርቅና አንበጣም ተጨመረበት። ይሁን እንጂ ዝናብ በጣለበትም ስፍራ ቢሆን መሬቱ ጦሙን አደረ፤ የሚጎትተው አልነበረምና። ዐፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው በመቆፈር መኳንንቱና ሕዝቡ እንዲከተሏቸው ያደረጉት በዚህ ወቅት ነው። ነገር ግን ቤተሰብ በዶማ ቆፍሮ ሊያዘጋጅ የሚችለው መሬት በጥማድ በሬ ከሚያርሰው እጅግ ያነሰ ነው። እህሉ ያለቀበት ደግሞ ለዘር የሚያስቀምጠው አልነበረውም። በሽታው በሀገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1988 ዓ.ም. በአፋር ሲሆን፣ በ2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ለዚህም ደብረ ዘይት የተመረተው ክትባትና ክትባቱን ይዘው በረሃ የወረዱት ሠራተኞች ድካም ትልቅ ድርሻ አለው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነትን አስቀርቶ አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር እንዲይዝ ፈቀደ። በተግባር የደረሰው ድርሻ ግን በአብዛኛው ከዚህ በጣም ያነሰ ነበር። ታሪካዊ እርምጃ መሆኑ አያጠያይቅም። ሆኖም አዋጁ መሬት እንጂ በሬ አላከፋፈለም። መሬት አግኝቶ በሬ ያጣው ገበሬ ማሳውን ለባለ በሬ በእኩል እያሳረሰ የምርቱን ግማሽ ማስረከቡን፣ ወይም ስለ በሬው በጉልበቱ መክፈሉን አልተወም። ለሰው ማሳ ሲያርም የሚውልባቸው ቀናት ደግሞ የራሱ ማሳ አረም የሚፈልግባቸው ቀናት ናቸው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ በሬውን ሸጦ የበላው ቤተሰብም ዝናቡ ሲመለስ እጁን አጣጥፎ ከመቀመጥ አልዳነም።

ከ1971 ዓ.ም. ጀምሮ የተስፋፉት የአምራቾች ኅብረት ሥራ ማኅበራት ለዚህ መፍትሔ ይሆናሉ ተብሎ ነበር። በመጀመሪያው ደረጃ በማልባ መሬቱ ሲቀላቀል በሬው የግል ሆኖ ይቆያል፤ በወልባ ግን በሬውና የእርሻ መሣሪያው የጋራ ይሆናሉ። በሬውን ያመጣው ገበሬ በሌሊት ተነሥቶ ጭድ የሚሰጠው የራሱ ስለሆነ ነበር። የጋራ ከሆነ በኋላ ማን ይነሣለት? የ1982 ዓ.ም. የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ እንደታወጀ አብዛኞቹ ማኅበራት በአጭር ጊዜ ፈረሱ፤ አባላቱም መሬቱንና በሬውን ተከፋፍለው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ማንም ሳያዝዘው የዘለቀው መቀናጆ ነው። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ጎረቤቶች አቀናጅተው ተራ በተራ ያርሳሉ፤ በሬው ማታ ወደ ባለቤቱ በረት ይመለሳል፣ ቀለቡም የባለቤቱ ነው። የሚያከራክራቸው አንድ ነገር ቢኖር ዝናቡ በጣለ ማግስት ቀድሞ የሚታረሰው የማን ማሳ ነው የሚለው ነው። ይህንንም ብዙዎቹ አምና የቀደመው ዘንድሮ እንዲከተል በማድረግ ይጨርሱታል።