የማሳ «መድኃኒት» ለውሻና ለድመት

በሸዋሮቢትና በይፋት ቆላ በመስኖ ከሚለማው ሽንኩርት ተርፎ ቤት የሚቀመጥ ፀረ ተባይ ኬሚካል ለውሻና ለድመትም አደገኛ ነው። «መድኃኒት» ተብሎ መጠራቱ ራሱ ሳያዘናጋ አይቀርም፤ ቁንጫ ለማጥፋት በሚል እንስሳውን በማላታይን ማጠብ ለሞት ሊዳርገው ይችላል። ድመት ፀጉሯን በምላሷ ስለምታጸዳ ቆዳዋ ላይ ያረፈውን መርዝ ትውጠዋለች።

ማላታይንና መሰል ኦርጋኖፎስፌቶች ከነርቭ ወደ ጡንቻ የሚተላለፈውን መልእክት በጊዜው የሚያስቆመውን ኢንዛይም ያግዳሉ። በዚህም የተመረዘው እንስሳ ለሃጩ ይዝረበረባል፤ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፤ ሰውነቱ ይንቀጠቀጣል፤ ትንፋሹም ያጥራል። ወተት መጋት መርዙን አያረክሰውም፤ ይልቁንም ወተቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላል። ጓንት አድርጎ ቆዳውን በሳሙናና በብዙ ውኃ ማጠብ፣ ከዚያም የኬሚካሉን ዕቃ ከነጽሑፉ ይዞ ወደ እንስሳት ጤና ክሊኒክ መሮጥ ያስፈልጋል። ማርከሻው አትሮፒን የሚሰጠው በባለሙያ ብቻ ነው።