ክፉ ቀን ሳይመጣ

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ ኅዳር 12 ቀን በየሠፈሩ ቆሻሻ ሲቃጠል በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ይታወሳል። ያን ጊዜ አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ እንኳ ታመው ተነሡ፤ በአዲስ አበባ ቤተ ሰቡ በሙሉ የወደቀበት ቤት ውሃ አቀባይ፣ ሬሳውም ቀባሪ አጣ።

ከጣሊያን ወረራ በኋላ በከተማው እድር ተስፋፋ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ በቸርችል ጎዳና ግራና ቀኝ ያሉት ሠፈሮች እድር ነበራቸው። መጋቢት 30 ቀን ከታወጀው ዐዋጅ በኋላ ብዙ ሆኖ መሰብሰብ ስለ ተከለከለ፣ በድንኳን ተሰብስቦ ለቅሶ መቀመጥ የማይገባ ሆነ፤ መዝገቡና መዋጮው ግን ነበረ። ጎረቤትን ከበሽታ ለማዳን መራቅ ፍቅር ነው፤ ሐዘንተኛን መርሳት ግን በደል ነው።

እንግዲህ እድርን የሽማግሌዎች ጨዋታ ነው ብለህ አትናቅ። ተመዝገብ፤ መዋጮህን ክፈል፤ በስብሰባው ተገኝ፤ ማኅበር በመቅሠፍት ቀን አይመሠረትምና።